የመንደፊያው ካሳ

ደብረ ብርሃን ጥቅምት፣ ችሎቱ ቀዝቃዛ፤
ዳኛው ከካባው ሥር ሹራብ ደርቧል።
እኔን ጠሩኝና መጽሐፍ አስመቱኝ፤
«ሠላሳ አንድ ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ
ጥርስ ስትሞርድ ኖርክ፤ አንተ ታውቀዋለህ።
ይህ ከዚያ ተቀድቷል? ወይስ አልተቀዳም?
ከተቀዳ ደግሞ ጉዳቱን አስላልን።»

ሁለት የሱፍ መንደፊያ ጠረጴዛው ላይ አለ።
አንዱ የዘርጋው ነው፣ የመሐል ሜዳው ልጅ፤
የብስክሌት ፔዳል፣ የአልጋ ሽቦ፣ የጥድ ሳንቃ።
የፓተንት ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ
ደረት ኪሱ ይዟል፤ ቁጥሩን በቃሉ ይወጣዋል።
ሌላው የቸርነት፤ አረንጓዴ ቀለም የጠጣ፣
ከመናኸሪያው ጀርባ ሲበየድ የከረመ፣
ለማማ፣ ለላሎ፣ ለጌራ የተሸጠ፤
በደረሰኝ ብቻ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

ድሮ ቢሆን ኖሮ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር
ሸማውን አውርዶ፣ ዱላውን ወድሮ፣
«በላ ልበልሃ!» ይል ነበር ከሳሽ፤
በማር ይወራረድ፣ በበቅሎ ይወራረድ።
አሁን ጠበቃው ነው፤ መነጽሩን ጠርጎ
አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ ፊደል ተራ «ለ»።
ሆኖም ባለጉዳይ አፉ ሲፈታለት
ያው የአያቱ ልጅ ነው። ቸርነት ተነሣ፦

«ብረት አላቀለጠ፣ እሳት አልፈጠረ፤
መንደፍ ከአባት ከአያት ሲወርድ የኖረ።
ደጋን የማን ነበር? ባለቤቱ ማነው?
ነፋስ በሾህ አጥሮ ‹የኔ ነው› ያለ ነው!»

ዘርጋው ድምፁ ቀጭን፣ እጁ የማያርፍ፦

«ደጋንማ የሁሉ፤ ጥርሱ ነው የግሌ፣
አራት ክረምት ሙሉ ያለቀበት ዐይኔ።
ሱፍ ስነድፍ ብውል፣ ንድፍ ስነድፍ ባድር፣
እኔኑ ነደፈኝ፣ ተርብ ከጎኔ የሚያድር።»

ካሊፐሬን አውጥቼ ጥርስ በጥርስ ለካሁ።
ሁለት ሚሊ ተኩል። ሁለት ሚሊ ተኩል።
በዘርጋው መንደፊያ፣ ከአምስት አምስት ጥርስ
አራተኛው ሁሉ ወደ ግራ ያዘማል።
በቸርነትም አራተኛው ሁሉ ወደ ግራ ያዘማል።
«ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ፣ «ጠማማውን ሳይቀር ቀድቷል።»
ሰው ሳቀ። ቸርነት አልሳቀም።
ዘርጋውም አልሳቀም፤
«ጠማማ አይደለም» አለ፣ «ረጅሙ ጸጉር ሳይበጠስ
የሚያልፈው በዚያ ነው።»
ከየት አገኘኸው ብሎ የጠየቀው የለም።

ቀጥሎ ምስክር። ወይዘሮ አመለወርቅ፣
ስልሳ ስምንት ዓመት፣ ሥራ፦ ሱፍ ፈታይ።
«ክረምቱን እቤቴ መጥቶ ይቀመጥ ነበር፤
ሱፍ ሳፍታታ ያያል። ዝም ብሎ ያያል።
አንዳንዴም በክር ይለካ ነበር።»
«ምኑን?» አላላትም ጠበቃው፤ «በቃኝ» አለ።
እኔ ግን ልትምል ቀኝ እጇን ስታነሣ
አይቼዋለሁ።
አራተኛ ጣቷ፣ በልጅነት ተሰብሮ ያለ ወጌሻ የገጠመ፣
ወደ ግራ ያዘማል።

እኔን የጠየቁኝ ስንት ተሸጠ፣ በስንት ነው።
ሁለት መቶ አሥራ ሦስት በዘጠኝ መቶ ብር ትርፍ።
ደግሜ አባዛሁት፤ አልተሳሳትኩም።
መቶ ዘጠና አንድ ሺህ ከሰባት መቶ ብር
ለከሳሽ ይከፈል፣ ቀለሙም ይፋቅ፣
መዝገቡ ተዘግቷል፤ ይግባኝ መብት ነው።

ለምስክር አበል መቶ ሃያ ብር።
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች፤
ያ ጣት ከሌሎቹ ተነጥሎ ቆሞ ነበር።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት።
«ስንት ፈረዱለት?» አለችኝ።
ነገርኳት።
«ለብረቱ ነው?»
«ለጥርሱ» አልኩ።
«እሰይ፣ ደግ ልጅ ነው» ብላ
ብርድ ነው መሰለኝ፣ እጇን ከባናዋ ውስጥ ከተተችው።